ስምንት ሰዓት ሲሆን የት ልሂድ? ጫትና አረቄ ካቆምኩ 47 ቀኔ ነው (ደሴ)

ከጦሳ ሥር | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ። ዕድሜዬ 31 ነው። ጫት መቃም ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ለጥናት ነበር፣ በኋላ ለሥራ፣ በመጨረሻ ከአልጋ ለመነሳት ብቻ። ምርቃናው አላስተኛ ሲለኝ በአረቄ መጨበስ ጀመርኩ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያለ ሁለቱ ያለፈ ቀን አላስታውስም።

አሁን 47 ቀኔ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ጠዋቱን እችለዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ሥራ አለ፣ ሰው አለ። ማታም እንደምንም ይነጋል። የከበደኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ዙህር ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰዉ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደየጀመዓው ሲገባ እኔ መንገድ ላይ እቀራለሁ። ጓደኞቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስታመም የጠየቁኝ፣ እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ያልተለዩኝ እነሱ ናቸው። ግን ሌላ የምንገናኝበት ቦታ የለንም። ቅጠሉን ስተው እነሱንም አብሬ የተውኳቸው ያህል ሆነብኝ።

ቤት ልግባ ብል ደግሞ ቡና አለ። ለሌላው ሰው ቡና ቡና ነው። እኔ ግን አቦሉ ሲቀዳ፣ አድሩሱ ሲጨስ አፌ ምራቅ ይሞላል። ጣቴ የሌለ ቅጠል ይቀነጥሳል። አባቴ የዱዓ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ይቀመጣል። እሱ እንደ እኔ አይደለም፣ የሚቅመው ለዱዓው ነው፣ ልኩን ያውቃል። መርቆ ቅጠል ሲዘረጋልኝ እምቢ ማለት ምርቃቱን እምቢ ማለት ይመስለኛል። እስካሁን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈጥሬ እወጣለሁ።

ያለፋችሁበት ሰዎች፣ ስምንት ሰዓትን ምን አደረጋችሁት?

የኮምቦልቻ እህት | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ አብሽር። 47 ቀን ቀላል አይደለም።

እኔ ራሴ አልቅምም፣ አልጠጣም። ታላቅ ወንድሜ ነው ያለው። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መለኪያ ካልጨበጠ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። እንዲህ የሆነው ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነው። ተፈናቅለን ስንመለስ ሱቁ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀው። እናታችን ደክማለች። ከነገ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ቆልፈንበት አምስት ቀን ልናቆየው ወስነናል። ምግብና ውሃ እናስገባለታለን። ከዚያ እንደ አንተ ይሆንልናል ብለን ነው። ጸሎትም ዱዓም አድርጉልን።

ነርስ ከሐይቅ | ሰኞ፣ ማታ 4፡12

እህቴ፣ እባክሽ አትቆልፉበት።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ጠዋት ሳይጠጣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶ ተቀምጧል ማለት ነው። በድንገት ሲቋረጥበት ከስድስት ሰዓት በኋላ ጀምሮ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ማስመለሱ ይብስበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን ቦታ መሳት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። 'ጋኔን ያዘው' ተብሎ ቤት ውስጥ የሚታሰረው አንዳንዱ ሰው ችግሩ ይሄ ነው።

ሐኪም ቤት ከሆነ መንቀጥቀጡን የሚያረግብ መድኃኒት በልኩ ይሰጠዋል። ቫይታሚን ቢ1 ይጨመርለታል። ሌሊት የሚያየው ሰው አለ። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ከባዱን ያልፈዋል። እስክትወስዱት ድረስ በድንገት አቁም ብላችሁ አታስገድዱት። ነገ በጠዋት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ። ከሐፍረት የተነሳ ቀንሶ የሚናገር ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፣ ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ከጦሳ ሥር፣ አንተም አረቄውን ብቻህን ቤት ውስጥ አቁመህ ከሆነ በሰላም ማለፍህ ዕድል ነው። ጫት ሲቆም እንዲህ አይገድልም። እንቅልፍ ማብዛት፣ ንጭንጭ፣ ድብርት፣ ዱካክ ግን ያመጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮህ ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ ቅመም በግድ እንዲያፈስ ያደርገዋል። ለ12 ዓመት በግድ ሲቀዳ የኖረ ምንጭ በራሱ እስኪፈልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር አልጫ ቢሆንብህ አትደንግጥ። መኖር ካስጠላህ ግን ቀን አትቁጠር፣ ያኑ ዕለት ሰው ዘንድ ሂድ።

የኮምቦልቻ እህት | ሰኞ፣ ማታ 4፡30

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። ቁልፉን ገዝተን ነበር። በጠዋት እንወስደዋለን።

የወልድያው ሹፌር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡40

የጦሳ ሥሩ ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ።

ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ጅቡቲ መስመር ላይ ነበርኩ፣ በሚሌ በባቲ እየወጣሁ። ጫት እንቅልፍ ያባርርልኛል፣ አረቄ እንቅልፍ ይጠራልኛል። በሁለቱ መሀል ልጆቼ አደጉ። ካቆምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

ስምንት ሰዓትን ባዶ አድርገህ ልታልፈው አትችልም። እኔም ሥራ ሞከርኩ፣ እንቅልፍ ሞከርኩ፣ በእግር መዞር ሞከርኩ። ያዳነኝ አንድ አናጢ ነው። ከእኔ አራት ዓመት ቀድሞ ያቆመ ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሜ 'ዛሬ አልችልም' አልኩት። አልመከረኝም። መላጊያውን አስቀምጦ 'ና ተቀመጥ' አለኝና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ስለራሱ አወራኝ። እኔ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር፣ የልጅን የትምህርት ቤት ክፍያ መጠጣትን፣ እሱ እንደ ዝናብ ወሬ ረጋ ብሎ ሲያወራው ስሰማ ትከሻዬ ወረደ። ያከመኝ ሐኪም አለ፣ የመከሩኝ ቄስ አሉ፣ ያለቀሰችብኝ ሚስት አለች። ሁሉም ባለውለታዎቼ ናቸው። ግን 'ሐራራው ሲመጣ እዚህ ጋ ነው የሚይዝህ?' ብሎ ደረቱን ያሳየኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን አምስት ሆነናል። ሦስቱ ሙስሊም፣ ሁለታችን ክርስቲያን። ስም አላወጣንለትም። ስንጀምር ትዝ ያለን ቅሬ ነው። መቼም ወሎ ተወልዶ ቅሬን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ይለፈፋል፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ይቀብራል፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ይቀብራል፣ የቀረ ይቀጣል። አንዱ ጓደኛችን 'ለሞተው እንዲህ የምንጠራራ ሰዎች፣ ሊሞት ላለውስ ምነው?' አለ። በዚያው ጀመርን።

ማክሰኞና ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በየተራ ቤት እንገናኛለን። በሌላው ቀን ሐራራ የያዘው ይደውላል። የተደወለለት ያነሳል። መንገድ ላይ ብሆን ዳር ይዤ አነሳለሁ። ሐራራ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቢጋልብ ነው፣ ከዚያ ይደክመዋል። ያቺን ሠላሳ ደቂቃ ነው አብረን የምናሳልፋት። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ 'በልተሃል ወይ?' ነው የምለው። ራብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ ድካም። እኔ በወደቅኩ ቁጥር ከአራቱ አንዱ ነበረብኝ።

እዚያ የተወራ እዚያ ይቀራል። ለሚስትም ለእናትም አይነገርም። ካልጠየቀህ አትመክረውም። ቅሞ ወይም ጠጥቶ የመጣን ሰው አናባርርም፣ ያን ቀን ይሰማል እንጂ አይናገርም። የታዘዘለትን መድኃኒት ተው አንልም፣ ሐኪሞች አይደለንም። ብር ደግሞ አንበዳደርም። ይህችን የተማርነው ተጎድተን ነው። አንዱ ለአንዱ 800 ብር አበደረ። መክፈል ያቃተው አፍሮ ሁለት ወር ጠፋ። ስናገኘው ወድቆ ነበር። ዛሬም ያ 800 ብር ይቆጨኛል።

በፈረንጅ አገርም የተጀመረው እንዲሁ ነው። በ1935 እንደነሱ አቆጣጠር፣ ቢል የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ አክሮን በምትባል የኦሃዮ ከተማ ሥራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ይቆማል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ወዲያ መጠጥ ቤቱ ይንጫጫል፣ ወዲህ ስልክ አለ። ስልኩን አንስቶ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለና የሚያናግረው ጠጪ እንዲፈልጉለት ለመነ። ቦብ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ለሰዓታት አወሩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ወሬ ነው። እኔን የሚገርመኝ ቢል መደወሉ ለቦብ ብሎ አለመሆኑ ነው። ራሱ እንዳይጠጣ ነው የደወለው። አናጢውም ያን ቀን ሲያወራኝ እሱም እየዳነ እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ሳወራ ነው።

ስለ አባትህ፦ ሐሙስን አትሽሽ። ወዳጃው ሳይጀመር ለብቻቸው ቅረባቸው። ጉልበታቸውን ስመህ ምርቃቱን እንደምትፈልግ፣ ቅጠሉ ግን እንዲያልፍህ ንገራቸው። የወሎ አባት ምርቃት አይነፍግም።

ሰላም ለወሎ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡15

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን ሱስ የነፍስ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ለክርስቲያኑ ጠበልና ጸሎት፣ ለሙስሊሙ ሶላትና ዱዓ ነው። የአጎቴ ልጅ ግሸን ማርያም ወጥቶ ተስሎ ነው የተወው። ራሱን ያልቻለ ሰው ሌላውን እንዴት ይችላል? ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ተያይዘው ገደል ነው።

የወልድያው ሹፌር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ወንድሜ፣ እኔም ሁለት ሱባኤ ጠበል ገብቻለሁ። ሰውነቴ ቀለለ፣ ልቤ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከመኪና ስወርድ መናኸሪያው በር ላይ ያው አረቄ ቤት፣ ያው ወንበር፣ ያው 'እንኳን ደህና መጣህ' ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ጠጣሁ። ጠበሉ ምንም አልጎደለውም። ከጠበሉ ስመለስ የሚቀበለኝ ሰው ነው የጎደለኝ።

አናጢው ሙስሊም ነው። ጾሜን ሳስታጉል የሚቆጣኝ እሱ ነው።

ነርስ ከሐይቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። የእኔ ልመና አንድ ብቻ ነው፦ ጠበል ስትገቡ የታዘዘ መድኃኒት አታቋርጡ። ከባድ ለሆነባችሁ ደግሞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። መጀመሪያ ግን በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍሉን ጠይቁ።

የከሚሴ ልጅ | ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡30

ተማሪ ነኝ። የእኔ ትራማዶል ነው። ለጥርስ ሕመም ተጀመረ። ጫትና አረቄ ሲወራ ኪኒን የምንውጠው ራሳችንን አንቆጥርም፣ አይሸትም፣ አይታይም። ሦስት ሳምንት አቁሜ ነበር። አሁን ፈተና ደረሰ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ወደ ድሮው መጠን ልመለስና ከዚያ ልተው አስቤያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ነርስ ከሐይቅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡05

ለእኛ ተናገርክ፣ ጎበዝ ነህ። አትመለስ። ሦስት ሳምንት ያረፈ ሰውነት የድሮውን መጠን አይሸከምም። ትንፋሽህ ሊቆም ይችላል። ትራማዶል ሲበዛ ደግሞ ይጥላል። ኪኒኑ እጅህ ላይ ካለ ለምታምነው ሰው ስጥ። ስለ ፈተናው እንቅልፍና ጭንቀት ሐኪም አነጋግር።

ከጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

የከሚሴው ወንድሜ አብሽር። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ እኔም ሰው ያስፈልገኛል።

ከጦሳ ሥር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡00

ትናንት 52ኛ ቀኔ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ቃምኩ።

አረቄ አልነካሁም። ግን ሌሊቱን ዱካክ ሲያንቀኝ አደረ። ከዚህ ልጠፋ ነበር። ለከሚሴው ልጅ ረቡዕ አብሽር ብዬ፣ ሐሙስም ዓርብም ደውዬ፣ እሑድ በምን ፊቴ ልደውልለት?

የወልድያው ሹፌር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡25

በዚያው ፊትህ ደውልለት።

ከሰርጉ በፊት ምን በላህ? ከማን ጎን ተቀመጥክ? ሐራራው ሲመጣ ለማን ልትደውል አስበህ ተውከው? እሱን ንገረኝ። 51 ቀን ያለ ቅጠል መኖርን ተምረሃል፣ የትናንቱ ያንን አልወሰደብህም። እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ። በሁለተኛው ስልኬን አጠፋሁ። አናጢው ቤቴ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። ሚስቴ ወንበር አወጣችለት።

ነገ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት አለኝ። መኪናዬን ዳር አቁሜ ስምንት ሰዓት ላይ ፒያሳ እጠብቅሃለሁ።

ከጦሳ ሥር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡40

ጋሼ፣ እመጣለሁ። የበላሁት ነገር አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ድንኳን ስንተክል ነበር የዋልነው።

የከሚሴ ልጅ | እሑድ፣ ከሰዓት 9፡10

ደውሎልኝ ነበር፣ አወራን። ኪኒኑን ዛሬ ለእህቴ ሰጠኋት። አለቀሰች፣ ግን አልጮኸችብኝም። አንተ ሁሉ ነገር የተሳካልህ ሰው ብትሆን ኖሮ አልነግራትም ነበር።

የኮምቦልቻ እህት | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ዝም ያልኩት ሆስፒታል ስለነበርኩ ነው። ስድስት ቀን ተኝቶ ትናንት ወጣ። ነርሷ እንዳለችው በሁለተኛው ሌሊት ጣለው። ሐኪሞቹ አጠገቡ ነበሩ፣ ወዲያው ደረሱለት። ያን ሌሊት እኛ ከበሩ ውጭ ቁልፍ ይዘን ቆመን ቢሆን እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም። ነርሷ፣ ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው።

አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም። ይበላል። ግን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያል። ምን ላድርግለት?

ነርስ ከሐይቅ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

አሚን እህቴ። ቀጠሮውን እንዳያሳልፍ አድርጊ። ከሰውነቱ አልኮሉ ወጣ እንጂ የጠጣበት ነገር አልወጣም። ስለ ሱቁ፣ ስለ ጦርነቱ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል። እሱ ከፈለገ ብቻ፣ ያለፈበት ሰው ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ከጦሳ ሥር | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ማታ 2፡00

ክሩን ያስረዘምኩት እኔ ስለሆንኩ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ ያን ሰኞ መጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን የተናገርኩት ምናልባት አሥር ዓረፍተ ነገር ነው። ሲሄዱ 'ረቡዕ ማንን ትጠራለህ?' ብለው ጠየቁኝ። ረቡዕ አንድ ሰው ጠራሁ። አሁን አራት ነን። ከአራቱ አንዱ የድሮ ጀመዓዬ ነው፣ ለካ እሱም ስምንት ሰዓትን ሲፈራ ነው የኖረው። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን መጋዘን ጠርገን ምንጣፍ አነጠፍን። ሰኞና ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት። የምንጠጣው ሻይ ነው፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ያለው። ቡናውን ገና አልቻልኩትም፣ ሌሎቹም ታገሡኝ።

አባቴን ደግሞ ትናንት ነገርኩት። ሰው ሳይሰበሰብ ገብቼ ጉልበቱን ሳምኩና ጋሼ እንዳሉት አልኩት። ብዙ ዝም አለ። የያዘውን ቅጠል ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ 'መዳፍህን አምጣ' አለና እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝ። ወዳጃው ላይ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ሲዞር አባቴ ራሱ በእጁ አሳለፈልኝ። አላየሁትም ብዬ አልዋሽም፣ አይቼዋለሁ። ግን አለፈ።

የኮምቦልቻ እህቴ፣ ወንድምሽ ከፈቀደ ይምጣ። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ መናኸሪያ ላይ እቀበለዋለሁ።

የኮምቦልቻ እህት | ዓርብ፣ ማታ 3፡15

ጠየቅኩት። መልስ አልሰጠኝም። ግን ጫማውን እየወለወለ ነው።

የኮምቦልቻ እህት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ትናንት እናንተ ዘንድ ውሎ መጣ። ራቱን በላ፣ ተኛ፣ ምንም አልነገረኝም። እናቴ ከንጋት ጀምሮ ትጠይቀኛለች። ምን አለ? ደህና ነበር? ስለ ሱቁ አነሳ?

ከጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡45

እህቴ፣ እሱን ራሱ ሲፈልግ ይንገርሽ። ለእማማ ነገ ስምንት ሰዓት ቦታው እንደተያዘለት ንገሪልኝ። ደሴ ጉም ወርዷልና ጋቢ ይዞ ይምጣ።